የለጊዜው ግድግዳ

ከአማርኛ ቃላት ውስጥ አንዱን መርጠሽ አጥፊ ብባል፣ ሳላመነታ የማጠፋው «ለጊዜው» የሚለውን ነው። ስድብ አለመሆኑን አውቃለሁ። ሰው ሲናገረው ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ ትከሻ መታ መታ እያደረገ ነው። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የቀቀለኝ ይሄ ቃል ነው። ባለቤቴ አዳማ ውስጥ የጭነት መኪና መካኒክ ነው። ስንጋባ ጋራዥ በከፈተበት የኪራይ ግቢ ጀርባ ቆርቆሮ አቁሞ፣ ወለሉን ሊሾ አድርጎ፣ «ለጊዜው እዚህ እንሁን» አለኝ። እንሁን አልኩት። አዲስ ሙሽራ ሌላ ምን ትላለች።

የአዳማን የመጋቢት ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ቆርቆሮ ቤት ምን እንደሆነ ይገባዋል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጣሪያው መንጣጣት ይጀምራል። እስከ አሥር ሰዓት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም፤ ውጭ ደግሞ ንፋሱ አቧራውን እያነሳ ፊት ላይ ይደፋዋል። እሱንስ ቻልኩት። ያልቻልኩት ከጋራዡ የሚመጣውን ነው። በእኛ አልጋና በጋራዡ መሃል የነበረው አንድ ሉህ ቆርቆሮ ብቻ ነበር። ሞተር ሲነሳ ጭሱ ይገባል፣ ቀለም ሲረጭ ሽታው ይገባል፣ ወጡ ሳይቀር ናፍታ ናፍታ ይለኝ ነበር። ልጃችን እዚያ ተወለደች። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ደረቷ ማፏጨት ጀመረ።

አስም ነው ተባለ። የምትከታተላት ሐኪም ረጋ ያለች ሴት ናት። አንድ ቀን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «እኔ መድኃኒት እሰጣታለሁ፣ እናንተ ደግሞ ከቀለሙ አውጧት። ቀለም በሚረጭበት ቤት ይቺ ልጅ ማደግ የለባትም» አለችን። «ለጊዜው መስኮቱን እንዘጋለን» ብዬ የመለስኩላት እኔ ነኝ። እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። የልጅቷን ልብስና ደብተር በሞተር ዘይት ካርቶን ውስጥ አኑሬ፣ ቁም ሳጥን ስትጠይቀኝ «ቤቱ የእኛ አይደል፣ ለጊዜው በካርቶን ይሁን» ያልኳትም እኔው ነኝ። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በኋላ ባለቤቴን ስወርድበት ንጹሕ ሆኜ እንዳልታይ ነው።

ቦታ ያገኘነው ልጄ ሁለተኛ ክፍል ስትገባ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ኮረብታው ላይ የንፋስ ማመንጫዎቹ ሲዞሩ በሚታዩበት በኩል። አፈሩ ሲረግጡት እንደ ዱቄት የሚቦን ነው። ቦታው አንድ ብቻ ስለሆነ ሁሉንም እዚያው ማድረግ ነበረብን፦ ፊት ለፊት ጋራዥ፣ ጎን ላይ ቢሮ፣ ከኋላ መኖሪያ ቤት፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር። ባለቤቴ ፕላኑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ምን ይጨመር?» አለኝ። እኔ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። በጋራዡና በቤቱ መሃል ባለው መስመር ላይ ጣቴን አሳረፍኩ።

«ይሄን ግድግዳ ብሎኬት አድርግልኝ። ባለ ሃያ ብሎኬት፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ሁለቱም ፊቱ የተለሰነ። ክፍተት የሚባል ነገር እንዳይኖረው። ሌላው ሁሉ እንደፈለግህ ይሁን።»

«እሱማ ምን ጥያቄ አለው» አለኝ። ልጅቷም ሰምታለች፤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራ ትሠራ ነበር።

ባለቤቴ ዕቃ ሲመርጥ ማየት ነበረባችሁ። የጋራዡ ወለል ሊሞላ ሲል ሰውየው ፕሮፌሰር ሆነ። መጀመሪያ የመጣውን አሸዋ ከመኪናው ሳይወርድ አስቆመውና ከእሱ ዘግኖ በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ግማሽ ሞላ። ላዩ ላይ ውሃ አደረገበት፣ ቆንጥሮ ጨው ጨመረበት፣ አንቀጥቅጦ ድንጋይ ላይ አቆመው። እኔ፣ ሹፌሩ፣ ግንበኛው፣ ሁላችንም ፕላስቲኩን ከበን እንደ ሕመምተኛ ጠበቅነው። አሸዋው ታች ተኛ፣ ጭቃው ከላይ ተነጠፈ። ባለቤቴ የጭቃውን ውፍረት በአውራ ጣቱ ለክቶ «ይሄ አሸዋ አይደለም፣ አፈር ነው፣ መልሰው» አለ። ሹፌሩ በእናቱም በታቦቱም ማለ። ባለቤቴ ወይ ፍንክች። አሸዋው እንደተጫነ ተመለሰ።

ብሎኬቱንም እንደዚያው። አዳማ ዙሪያ ብሎኬት የሚያመርት ሞልቷል፤ አብዛኛው ግን ውሃ ሳያጠጣ በፀሐይ አድርቆ ይሸጣል። ባለቤቴ አንዱን አንስቶ በመፍቻ ቆርቆር ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል፤ ቀጥሎ ከወገቡ ከፍታ ላይ ይለቀዋል። ከተሰበረ ሻጩን «ያንተ ብሎኬት ውሃ ጠምቶታል» ብሎት መንገዱን ይቀጥላል። አራት ቦታ ዞረን አምስተኛው ጋ ነው የገዛነው። ወለሉ ድንጋይ ተሰካለት፣ ቀይ አሽ ለበሰ፣ ፌሮ በሁለት ደርብ ታሰረለት፣ ኮንክሪቱ ተሞላ፣ ጆንያ ለብሶ ውሃ ሲጠጣ ሰነበተ። ግንበኛው ከመቂ አካባቢ የመጣ፣ ብዙ የማይናገር ሽማግሌ ነው። ወለሉን በእግሩ ረገጥ ረገጥ አድርጎ «ኤዬ፣ ይሄ ለልጅ ልጅ ይሆናል» አለ። ያን ጊዜ በባለቤቴ ኮርቼ ነበር። ለተሽከርካሪ ጎማ እንዲህ የተጨነቀ ሰው ለልጁማ እንዴት ይሆናል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ቢሮውም የሰርግ ቤት መስሎ ነው የተሠራው። አሉሚኒየም በር፣ ፊት ለፊቱ ሙሉ መስታወት፣ ጣሪያው ላይ ቬንትሌተር። «ደንበኛ መጀመሪያ የሚያየው ቢሮውን ነው» ይላል። ሴራሚኩን እኔ እንድመርጥ ሱቅ ድረስ ወሰደኝ፤ እኔም ሞኟ የእርጎ መልክ ያለውን መረጥኩ፣ ደስም አለኝ። እዚያ ቢሮ ውስጥ ስልክ የማነሳው፣ ዕቃ የማዘው፣ ደንበኛ የምቀበለው እኔ ስለሆንኩ የራሴን ቤት የመረጥኩ መሰለኝ።

ከዚያ ወደ መኖሪያው ሲደረስ ሲሚንቶ ጠፋ። እውነትም ከገበያ የጠፋበት ሰሞን ነበር፤ አልዋሽም። የውጭ ግድግዳዎቹ ቆመዋል፣ ጣሪያው ተመቷል፣ የመሃሉ ብቻ ነው የቀረው። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት «ዛሬም የለም» ይለኛል፤ እኔም ጋራዡ ሥራ ሳይጀምር ይደርሳል ብዬ እጠብቃለሁ። በዚህ መሃል አማቴን ልጠይቅ ከልጄ ጋር ዓለም ጤና ሄድኩ። ሦስት ቀን ነው የቆየሁት። ስመለስ በሩ ላይ ተቀበለኝና «ግቢ፣ አለቀልሽ» አለኝ። ፊቱ በርቷል።

ገባሁ። ዕቃችን ተዛውሯል፣ የመሃሉ ግድግዳም ቆሟል። የቆመው ግን በብሎኬት አይደለም። ዱከም አንድ ፋብሪካ መኪና ሊጠግን ሄዶ፣ ማሽን ታሽጎበት የመጣ የሳጥን ኮምፔርሳቶ በምርቃት ሰጥተውት፣ እሱን እየጠረበ በምስማር መትቶታል። ሳጥን እንደነበረ ያስታውቃል፤ ላዩ ላይ የሰው አገር ጽሑፍ አለ፣ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት አለ፣ ጃንጥላ አለ፣ መሃሉ የተሰነጠቀ ብርጭቆ ሥዕል አለ። ከጣውላው በላይ እስከ ጣሪያው ድረስ ክንድ የሚያህል ክፍተት ተትቷል። «ይሄስ?» አልኩት። «ለአየር ነው» አለኝ። የማን አየር እንደሆነ አልጠየቅኩትም። በክፍተቱ በኩል የጋራዡን አምፖል እያየሁት ነበር።

ልጄ ግድግዳው ሥር የተዘረጋው አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ «እማዬ፣ ብርጭቆው ለምንድነው የተሰነጠቀው?» አለችኝ።

«ውስጡ ያለው ዕቃ ቶሎ ይሰበራል፣ ተጠንቀቁ ማለት ነው» አልኳት።

ባለቤቴ ከኋላዬ «ለጊዜው ነው እኮ» ብሎ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

ቱግ አልኩ። እኔ ስናደድ ድምፄ አይጮህም፣ ይቀጥናል። «ለመኪና ጎማ ሁለት ደርብ ፌሮ፣ ለልጅህ ደረት የሳጥን ጣውላ?» አልኩት። «አንቺ ደግሞ ነገር ታገዝፊያለሽ» አለኝ። «ቃልህስ?» አልኩት። «ቃሌማ አለ፣ ሲሚንቶ ሲገኝ ይሠራል። ደግሞ ለጊዜው እንዲህ መሆኑ ይሻላል። ረጅም ተሳቢ ያለው መኪና ከመጣ ጣውላው ገፋ ይደረግና ይገባል» አለኝ። ይሄን ሲል ራሱም የተናገረውን የሰማ አልመሰለኝም። ማለትም ተሳቢ ከመጣ የልጄ አልጋ ወደ ኋላ ገፋ ይላል። ሌላ ከመጣ ደግሞ ማዕድ ቤቱ። ሰውየው ጋራዡን በኮንክሪት ተክሎ፣ ቤታችንን በምስማር ሰቅሎታል።

ለአማቴ ደወልኩ። እሳቸውን አከብራለሁ፣ ልጃቸውንም እሳቸው ቢናገሩት ይሰማል ብዬ ነው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «ልጄ፣ ለጊዜው አይደል እንዴ? ወንድ ልጅ ቤት ሲሠራ አታስጨንቂው፣ ይደክመዋል» አሉኝ። «እርስዎም ይሄን ቃል?» ልል ነበር፤ ዋጥኩት። እሺ እማማ ብዬ ዘጋሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ብቻዬን ብዙ አወራሁ።

ከዚያ ወዲያ የከተማው ነገር ሁሉ ያናድደኝ ጀመር። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ግራ ቀኙን ሳይ የማየው ለጊዜውን ነው። ፎቁን በኋላ እጨምራለሁ ያለ ሰው ሁሉ ከኮለኑ አናት ላይ ፌሮውን አቁሞ ትቶታል፤ ዝናብ ያዝገዋል፣ ሰው ልብስ ያሰጣበታል፣ ልጆች ከሥሩ አድገው ይዳራሉ። ለጊዜው የተጣለ መሻገሪያ እንጨት፣ ለጊዜው የታጠረ ሸራ፣ ለጊዜው የተቀጠለ ኤሌክትሪክ። ማንም አይቶት አይደነቅም፤ ሁላችንም በእንግድነት የተቀመጥን ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ በጣም ጎበዝ እንግዳ ነበርኩ።

ጋራዡ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከመቂ ሽንኩርት የሚያመላልስ የጭነት መኪና ጋቢናው ተጋጭቶ መጣ፤ ተቀጠቀጠ፣ ስቱኮ ተደረገለት፣ ከሰዓት በኋላ ቀለም ይረጭበት ጀመር። ባለቤቴን «ልጅቷ ከትምህርት ቤት ተመልሳለች፣ ነገ ጠዋት ርጨው» ብዬው ነበር። «ሹፌሩ ነገ መጫን አለበት፣ በሩን ዝጊው» አለኝ። በሩን ዘጋሁት። ከበሩ በላይ ያለውን የክንድ ክፍተት በምን ልዝጋው?

ማዕድ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። ኮምፕሬሰሩ ይጮኻል፣ ሌላ ድምፅ አይሰማም። ቀና ስል ልጄ የበሩን መቃን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ከንፈሯ ዙሪያው ጠቁሯል። አልጠራችኝም፤ ለመጥራት የሚሆን ትንፋሽ አልነበራትም። በአፏ የምትስበውን መድኃኒት ሰጠኋት፣ ደገምኩላት፣ አልሠራም። ተሸክሜያት ወጣሁ። የቤታችን መውጫ ደግሞ በጋራዡ በኩል ብቻ ነው። እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። የታፈነች ልጅ ይዤ በዚያ በቀለሙ ጉም መሃል፣ ነጠላዬን ፊቷ ላይ ጥዬ፣ በዚያ በሚያምረው ወለል ላይ ሮጥኩ። ወለሉ በእውነት ያምራል፤ እንቅፋት የለውም። ባለቤቴ ፊቱን ሸፍኖ ጀርባውን ሰጥቶን ይረጫል። አላየንም። ያየን ያ የመቂው ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ ወጥቶ ባጃጅ ያስቆመልን እሱ ነው።

ጤና ጣቢያ የኦክስጅን ጭምብል አደረጉላት። አንድ ሰዓት ያህል አለፈና ፊቷ መመለስ ጀመረ። ባለቤቴ ሮጦ ደረሰ፤ እጁ፣ ቅንድቡ፣ ቱታው ሁሉ ሰማያዊ ነው። ነርሷ መዳፏን ዘርግታ በሩ ላይ አስቆመችው። «እባክህ ውጭ ሁን፣ ልብስህ ላይ ያለው ሽታ ራሱ ይበቃታል» አለችው። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። አንጀቴን በላው፣ አልክድም። ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን ይወዳል። ግን በዚያች ሰዓት ላዝንለት አልፈለግኩም፣ ስለዚህ አላዘንኩለትም።

ማታውን ልጄን ይዘን ቤት ገባን፤ በማግስቱ ጠዋት ተለሳልሶ መጣ። ሻይ ራሱ ቀድቶ ሰጠኝ። በልቤ አሁን ሊለው ነው፣ አሁን ብሎኬት ላስጀምር ሊለኝ ነው እላለሁ።

«አስቤበታለሁ» አለኝ። «ልጅቷ ለጊዜው እናቴ ጋ ዓለም ጤና ትሂድ።»

ሻዩን አስቀመጥኩት። አላለቀስኩም፣ አልተሳደብኩም። ግድግዳ ከማቆም ልጅ ማንሳት ቀለለው ማለት ነው። የሚገፋው ጣውላው ብቻ መስሎኝ ነበር።

ባለቤቴ ወደ ጋራዡ ሥራው እስኪሄድ ጠበቅኩ። ከዚያ የልጄን አልጋ ፈታሁና በጋራዡ በር አዙሬ ወደ ቢሮው ወሰድኩት። ፍራሹን አነጠፍኩ፣ ብርድ ልብሷን አለበስኩ፣ ትራሷን አደረግኩ፤ የዘይት ካርቶኗን ከሥር ገፋሁት። እዚያ ቢሮ ውስጥ ሽታ የሚባል አይገባም፤ አሉሚኒየሙ ጎማ አለው፣ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ለሦስት ወንበርና ለአንድ ኮምፒውተር ነበር እንደዚያ የታሸገው። ልጄን አምጥቼ አስተኛኋት። መስታወቱ መጋረጃ የለውም፤ ከአስፋልቱ ድረስ ትታያለች።

የቢሮውን ጠረጴዛ የማደርግበት ቦታ ስላልነበረኝ ከቢሮው ትይዩ ወዳለው የመለዋወጫ መጋዘን ወሰድኩት። መጋዘኑን ወትሮ የሚከፍተው ባለቤቴ ነው። ጠረጴዛውን ለማስገባት ጥግ ላይ ያለውን ሸራ ሳነሳ ከሥሩ ሲሚንቶ አለ። በኩንታል፣ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ እርጥበት እንዳይነካው ተሸፍኖ፣ እስከ ወገቤ የተደረደረ። የማየውን ማመን አቅቶኝ በእጄ ነካሁት።

ግንበኛውን ጠራሁት። በዚያ ሰሞን ባለቤቴ ያዘዘውን የመኪና ማጠቢያ ሊጀምር ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ያስቆፍር ነበር። «አካም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ» እያለ መጣ። በኦሮምኛ «እንዴት ነሽ፣ ልጄ» ማለቱ ነው፤ ሴት ልጆቹን ሁሉ እንደሚጠራው ነው የሚጠራኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሲሚንቶ የምንድነው?» አልኩት።

«የማጠቢያው ነው፤ ያ ውጭ የተደረደረው ብሎኬትም የማጠቢያው ነው። ለደንበኛ ቶሎ ይድረስ ተብሎ ነው» አለ።

«ለመሃሉ ግድግዳስ ይበቃል?»

«ይበቃል፣ ይተርፋልም። መሠረቱን እኔው ነኝ የገነባሁት፣ ከሥሩ አለ። ግድግዳ ሊቆምበት ነው ተብዬ ነው የሠራሁት። ያንን ጣውላ እኔ አልመታሁትም» አለና ወደ መሬት አየ። ሰውየው አፍሮ ነበር፤ ማፈር የነበረበት ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ።

ባለቤቴ ከመኪና ሥር ወጥቶ ቢሮው ደጃፍ ሲደርስ ሦስት ደንበኞች በመስታወቱ ወደ ውስጥ እያዩ ቆመዋል። አንደኛው የመቂው ሹፌር ነው፤ መኪናውን ሊወስድ መጥቷል። ልጄ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ መልሳ ታያቸዋለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለኝ ባለቤቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለጊዜው ነው» አልኩት።

«ደንበኛ የት ይቀመጣል?»

«ለጊዜው ይቁም።»

«ሰው እያየን ነው።»

«ለጊዜው ይይ። ሲሚንቶ ሲገኝ እናነሳታለን» ብዬ መጋዘኑን በአገጬ አሳየሁት። ሸራውን ገልጬ ነበር የተውኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። የመቂው ሹፌር ጠጋ አለ። «ልጅቷ ተሻላት?» ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ናት አልኩት። ወደ ባለቤቴ ዞረ። «ትናንት ለእኔ መኪና ነው ይቺ ልጅ እንዲህ የሆነችው። አዝናለሁ። ብትነግረኝ እኮ ሳምንት እጠብቅህ ነበር» አለው። ያ ነው ያቃጠለው መሰለኝ። ከእኔ የአሥራ አንድ ዓመት ንግግር የደንበኛ አንድ ቃል በለጠ። እሱንም ቆጥሬ ይዤበታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ኮምፔርሳቶው ተነቀለ። ምስማሩ ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ግንበኛው ገመድ ወጠረ፣ ባለቤቴ ራሱ ሲሚንቶና አሸዋ አቦካ። ብሎኬቱን ሲያቀብል ግን ልማዱ አልለቀቀውም፤ እያንዳንዷን በመፍቻ ቆርቆር እያደረገ፣ እያዳመጠ ነበር። አንዷን ሰንጣቃ ነች ብሎ ወረወራት። ቆሜ አየሁት። ይሄው ነው እኮ የለመንኩህ፣ ይሄንኑ ጆሮህን ነው የለመንኩህ፤ ልለው ፈልጌ ተውኩት። በአምስተኛው ቀን ግድግዳው ጣሪያውን ነካ። በሌላ በኩል ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገዱ የምንወጣበት በር ተከፈተልን። የቀለም መርጫውም ወደ ግቢው መጨረሻ ወጣ።

ሽማግሌው ሲሄድ «ሰባት ቀን ውሃ አጠጪው፣ ካልጠጣ አይጠነክርም» አለኝ። ውሃ በእኛ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው። በጀሪካን ያጠራቀምኩትን ጠዋትና ማታ ተሸክሜ ግድግዳ አጠጣሁ። ልጄም በኩባያ ከታች ከታች ትረጫለች። ባለቤቴ ጀሪካኑን ሊቀበለኝ ሲመጣ አልሰጠሁትም። ንዴቴ አልበረደልኝም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ውሃ የማጠጣው ግድግዳውን ይሁን ንዴቴን አላውቅም። ሁለቱም ጠነከሩ።

ከተለሰነ፣ ከደረቀ፣ ነጭ ከተቀባ በኋላ ልጄን ከቢሮው ወደ ክፍሏ መለስናት። ባለቤቴ ከተነቀለው ኮምፔርሳቶ መደርደሪያ ሠርቶላታል፤ በአሸዋ ወረቀት አሽቶ፣ ቫርኒሽ ውጭ ቀብቶ፣ ሽታው እስኪጠፋ ሦስት ሳምንት ደጅ አሰንብቶ ነው ያስገባው። የተሰነጠቀችውን ብርጭቆ ሥዕል ግን አልፋቃትም፤ በጎኑ በኩል አለች። ይቅርታ የሚጠይቅበት መንገድ እንደሆነ ገብቶኛል። ባፉ ቢለው ይሻለኝ ነበር።

በግድግዳው ማዶ መዶሻ ይመታል፣ ወደ እኛ የሚደርሰው ዱብ ዱብ ብቻ ነው። ልጄ ወደ ግድግዳው ተጠጋችና በጣቷ አንጓ ቆርቆር አድርጋ፣ ልክ እንደ አባቷ ጆሮዋን አስጠጋች። እኔ ካርቶኑን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁና ደብተሮቿን መደርደሪያው ላይ ላደርግላት ክዳኑን ያዝኩ። እጄን ያዘችኝ።

«ይቆይ፣ እማዬ። ለጊዜው እዚሁ ይሁን» አለችኝ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ የእኛ ቤት ነው፤ ከዚህ አንሄድም» አልኳት።

«እሺ» አለችኝ። ካርቶኑን መልሳ ወደ አልጋው ሥር ገፋችው።

ይሄን ስጽፍ ሰባተኛ ወራችን ነው። ባለቤቴን አንድ ቀን ይቅር እለው ይሆናል፤ እሱ ቢያንስ ብሎኬት አቁሟል። ለጊዜው በካርቶን ይሁን ያልኳት ግን እኔ ነኝ፣ እሱን በምን እንደምገነባው አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ደብተሯን ከካርቶኑ ታወጣለች፣ ማታ መልሳ ታስገባለች። መደርደሪያው ባዶውን ነው።